ቅንጣት ትመዘን ወይስ ትቅር

ማክሰኞ፣ 38 ቀን ሲቀር

በመሥሪያ ቤታችን አንድ ሚዛን አከራካሪ ሲሆን፣ ማለትም ሻጩ «ልክ ነው» ገዢው «ሌባ ነው» ሲሉ፣ ለብቻው ደብተር ይከፈትለታል። ማን ነካው፣ ማን አየው፣ ምን አሳየ፣ ሁሉም በየቀኑ ይጻፋል። ሃያ አንድ ዓመት የሥጋ ቤትና የወርቅ ቤት ሚዛን ስፈትሽ ስንት ደብተር እንደከፈትኩ እንጃ። ዛሬ ለገዛ ልጄ ከፈትኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጄ መምህርት አስጠራችኝ። መንገዱን ሙሉ «ማንን ነክሳ ይሆን?» እያልኩ ነበር የሄድኩት። መምህርቷ ግን ፊቷ በርቶ ጠበቀኝ።

«ሦስት ብርቱካን ላይ ሁለት ብንጨምር ስንት ይሆናል ብዬ ጠየቅኋት» አለችኝ። «ምን ብላ ብትመልስልኝ ጥሩ ነው? ‹በቁጥር ነው በኪሎ?› አለችኝ። በቁጥርም በኪሎም ንገሪኝ ስላት ‹በቁጥር አምስት ነው። በኪሎ ግን ብርቱካኖቹን ሳላይ አልፈርምም› አለችኝ።»

«ሳላይ አልፈርምም» የማን አነጋገር እንደሆነ ለመምህርቷ አልነገርኳትም። ትሕትና ይዞኝ ነው።

ከዚያ ደብዳቤ ሰጠችኝ። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ለልዩ ተሰጥኦ ፈተና ትቅረብ ይላል። ፈተናውን ያለፈ በከተማው ሌላ ጫፍ ወደሚገኘው ልዩ ክፍል ይገባል። ትምህርቱ ቅዳሜንም ይጨምራል። ውጤቱ በሠላሳ ስምንት ቀን ውስጥ ገቢ ካልሆነ ቀጣዩ ዙር ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ናት። ደብዳቤውን አንብባ ጨረሰችና እጥፍ አድርጋ መለሰችልኝ። «እኔ ልጆችን አንዴ ነው የምመዝነው፣ የተወለዱ ለት። ከዚያ ወዲያ ይብሉ፣ ይጫወቱ» አለችኝ።

እኔ ገለልተኛ ነኝ። ሚዛን ፈታሽ ገለልተኛ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

ረቡዕ፣ 37 ቀን ሲቀር

ጉዳዩ በምስጢር ይያዝ ተባብለናል። እኔ ደግሞ ምስጢር ጠባቂ ሰው ነኝ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለኪሎ ብቻ። (ኪሎ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ስሙን ያወጣንለት ወገቡን አይተን ነው።) እና ለጥበቃው። እና ዛሬ ሚዛኑን ለፈተሽኩለት ሥጋ ሻጭ። እሱም ቢሆን ራሱ ነው የጀመረው፤ «ልጆች ደህና ናቸው?» አለኝ። ታዲያ ልዋሸው?

ቅዳሜ፣ 34 ቀን ሲቀር

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን ይዣት ወደ መፈተሻ ክፍላችን እሄዳለሁ። እናቷ ቅዳሜ ተረኛ ስለሆነች ነው። ለአለቃዬ በጽሑፍ ያቀረብኩት ምክንያት ይህ ነው።

ልጄን ቅንጣት የምንላት በሳጥናችን ውስጥ ባለችው ትንሿ መመዘኛ ስም ነው፤ በወረንጦ እንጂ በእጅ በማትያዘው። ክፍሉ ጠባብ ነው። መስኮቱ አይከፈትም፣ ነፋስም ሚዛን ይጫናልና። የመመዘኛ ብረቶቹን የሚነካ ጓንት ያጠልቃል፣ የጣት ወዝም ክብደት አለውና። ቅንጣት ፊደል የለየችው ሚዛኖቹ ላይ ከተጻፈው «ከፍተኛ ጭነት» ነው።

የዛሬ ጥያቄዎቿ፦ ነፋስ ስንት ግራም ነው? ሚዛን ራሱን መመዘን ይችላል? የመጀመሪያውን ኪሎ ማን መዘነው? ኪሎ ቀጭን ቢሆን ኖሮ ማን ትሉት ነበር? አሥራ አራት ላይ ስደርስ መቁጠር ተውኩ። የመጀመሪያውን ኪሎ ማን እንደመዘነው እኔም ኪሎም አላወቅንም። ምሳችንን እየበላን ስንከራከርበት ዋልን።

ከሰዓት በኋላ የአንድ ዳቦ ቤት ሚዛን መጣ። አንድ ኪሎ ብረት ጫንንበት፤ «ሁለት» አለ። ሦስት ጫንንበት፤ «ሁለት።» ባዶውን ተውነው፤ «ሁለት።» እንዲህ ያለውን እኛ ይሉኝተኛ እንለዋለን። ማንንም ላለማስቀየም ለሁሉም አንድ መልስ የሚሰጥ ማለት ነው።

«ሌባው ሚዛን ቢያንስ የጫንሽበትን ያውቃል» አልኳት ለቅንጣት። «ይሄኛው ግን ጭራሽ አይሰማሽም።»

«ታዲያ ይሉኝተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል?»

«መጀመሪያ ልክ የሆነ ነገር ትጭኛለሽ። ከዚያ ትንሽ የተለየ። ከዚያ በጣም የተለየ። ሦስት ጊዜ ትደግሚያለሽ። አሁንም ያው መልስ ከሆነ፣ ቀይ።»

ቀዩን ስቲከር መለጠፍ የቅንጣት ሥልጣን ነው፤ ከሁላችንም ቀጥ አድርጋ ትለጥፋለች። «አገልግሎት እንዳይሰጥ ታግዷል» ይላል። አንዴ ከተለጠፈ ቢልጡት ይበጣጠሳል እንጂ አይነሳም። ማንሳት የሚችለው የለጠፈው ሰው ነው፣ ያውም እንደገና ፈትሾ። ደንቡን በቃሏ ታውቀዋለች። ዓምና ፍሪጃችን ላይ ለጥፋበት ሦስት ቀን ሙሉ ለይግባኛችን ጆሮ አልሰጠችም።

የተረፉትን ስቲከሮች ኪሷ ከታ ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ልዩ ክፍል ቅዳሜም አለ አይደል?» አለችኝ።

«ገና አልተወሰነም» አልኳት። እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ወይም እኔ ነኝ ጠበቅ ያደረግኩት። አልተመዘነም።

እሑድ፣ 33 ቀን ሲቀር

አማቴ መጡ።

«ስንት አመጣች?» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«ገና አልተፈተነችም እማዬ» አለች ባለቤቴ።

«ታዲያ ምን ታስጠብቋታላችሁ? በእኛ በኩል እንደሆነ የሚያሰጋ ነገር የለም» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። አስተያየታቸው የለቅሶ ቤት አስተያየት ነበር። «አይዞህ ልጄ» አሉኝ ደግሞ።

ልሸኛቸው ስወርድ ደረጃው ላይ ባንክ የሚሠራው ጎረቤታችን አገኘን። የእሱ ልጅ ባለፈው ዙር ተፈትኖ መቶ ሠላሳ አንድ አምጥቷል። እንዴት አወቅህ የሚለኝ ካለ፣ ሰውዬው «እንደምን ዋልክ» ሲባል «መቶ ሠላሳ አንድ» ብሎ ነው የሚመልሰው። ዛሬም «የኛው መቶ ሠላሳ አንድ ጉንፋን ይዞታል» አለኝ።

«ይማርልህ» አልኩት። አማቴ ግን ቁጥሩን ያዙት። እስከ ታክሲው ድረስ «መቶ ሠላሳ አንድ» እያሉ ሄዱ።

ሐሙስ፣ 29 ቀን ሲቀር

ከጎረቤታችን የልምምድ መጽሐፍ ተዋስኩ። ለማየት ያህል ነው። ገለልተኛ ሰው ሰነድ መመርመር አለበት። ሽፋኑ ላይ መነጽር ያደረገች ጥንቸል አለች። በምሳ ሰዓት ከኪሎ ጋር ሠራነው። ኪሎ በሁለት በለጠኝ። መጽሐፉ ስህተት ሳይኖርበት አይቀርም።

ሰኞ፣ 25 ቀን ሲቀር

ከሐሙስ ጀምሮ ከቅንጣት ጋር «የጥንቸሏን ጨዋታ» ይዘናል። እናቷ ከሥራ እስክትመለስ አንድ ሰዓት፣ በሥራ ቀን ሁሉ። ልምምድ አይደለም። ልምምድ ክልክል እንደሆነ ደብዳቤው ላይ አንብቤያለሁ።

ውጤት፦ ሐሙስ 19 ከ30፣ ዓርብ 22፣ ዛሬ 26። ከፍ እያለ ነው። ከእንግዲህ ማንም ስለ እኔ በኩል ቢያወራ ይህንን ገጽ አሳየዋለሁ።

ተጨማሪ ምልከታ፦ ቅንጣት ዛሬ «ልክ ነኝ?» ብላ የጠየቀችኝ አሥራ አንድ ጊዜ ነው። «ለምን?» ያለችው አንድም ጊዜ አይደለም። ጊዜ ተቆጥቧል።

ረቡዕ፣ 23 ቀን ሲቀር

ተያዝኩ። መጽሐፉን የክረምት ብርድ ልብሶች መሐል ደብቄው ነበር። ባለቤቴ ምን ፈልጋ እዚያ እንደገባች አይገባኝም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሥራ መጽሐፍ ነው።»

«ሽፋኑ ላይ ጥንቸል አለ።»

«የ... የጥንቸል ሚዛን መመሪያ ነው።»

ምንም አላለችም። ባለቤቴ ምንም ሳትል ስትቀር ነገር አለ። ምጥ ላይ ያለች ሴት ስትጮህ ሳይሆን ዝም ስትል ነው ሮጠው የሚሄዱት፣ እሷው ናት የነገረችኝ።

ሐሙስ፣ 22 ቀን ሲቀር

ኪሎ ዛሬ ብረት እየወለወለ ነገረኝ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበልህ አትቆጣም?»

«እንደ ነገሩ።»

«እኔን ስታሠለጥነኝ ‹መመዘኛውን በባዶ እጅ ከነካኸው፣ ቁጥሩ የሚነግርህ የብረቱን ሳይሆን የጣትህን ክብደት ነው› ብለኸኝ ነበር።»

«እና?»

«ምንም። እንዲሁ ትዝ አለኝ።»

ይህ ሰው በጣም ይበላል፤ አእምሮው ላይ ጫና ሳይፈጥርበት አልቀረም።

ለመዝገቡ ሙሉነት ያህል፦ እኔም በወጣትነቴ ተፈትኛለሁ። ለምሕንድስና ነበር። በሁለት ነጥብ ወደቅሁ። አባቴ ውጤቱን አይቶ «በቃ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም፣ ሌላም ቀን አላነሳውም። ሁለት ነጥብ ማለት በእኛ ሥራ ከሚፈቀደው ስህተት በታች ነው። እንዲያ ያለው ሚዛን ላይ አረንጓዴውን የማለፊያ ስቲከር ለጥፌ፣ ባለቤቱን በሰላም ግባ ብዬ ነው የምሸኘው።

ይህ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም። እስክሪብቶው እጄ ላይ ስለነበረ ነው።

ቅዳሜ፣ 20 ቀን ሲቀር

መፈተሻ ክፍል ከቅንጣት ጋር። ጸጥታ ሰፍኖ ዋለ። ኪሎ ሁለት ጊዜ «ልጅቷ አሟታል?» አለኝ።

አንድ የፋርማሲ ሚዛን አቅርቤ «ቁጥሩን ንገሪኝ» አልኳት። ከዚህ በፊት ቢሆን እየጮኸች ነበር የምታነበው። አሁን ረዥም ጊዜ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«አንተ ስንት ታየዋለህ?» አለች።

«አንቺን ነው የጠየቅኩት።»

«ብሳሳትስ?»

«ብትሳሳቺ እንደገና ታነቢያለሽ።»

ወረንጦውን አስቀመጠችና በጣም ቀስ ብላ፣ «አባዬ፣ ያንን ፈተና ብሳሳት እኔ ላይ ቀይ ይለጠፍብኛል?»

«ሰው ላይ አይለጠፍም» አልኳት። «በደንባችን አንቀጽ አለ። ሰው ላይ አይለጠፍም።»

እንዲህ ያለ አንቀጽ የለም። ሰው ላይ ይለጠፋል ብሎ ያሰበ አልነበረማ። ኪሎ ግን ከወዲያ ማዶ «አንቀጽ ዘጠኝ!» ብሎ ጮኸ። እግዜር ይስጠው።

ገለልተኛ አይደለሁም። ይመዝገብ።

እሑድ፣ 19 ቀን ሲቀር

በረንዳ ላይ ልብስ ስናሰጣ ለባለቤቴ ሁሉንም ተናዘዝኩ። የጥንቸሏን ጨዋታ፣ 26 ከ30ን፣ «ብሳሳትስ»ን። ሸሚዜን አራገፈችና ሰጣችው።

«አየህ» አለችኝ፣ «እኔ የምፈራው ምን መሰለህ? ቁጥሩ ትንሽ ቢሆን አንተ ልጅቷን በሌላ ዓይን እንዳታያት።»

«እኔ? እንዴት ይሆናል!»

«ትልቅ ቢሆን ደግሞ እማዬ በስሟ መጥራት ያቆማሉ። ጎረቤቱን አላየህም? ልጁ እኮ ስም አለው።»

እውነቷን ነው። የልጁን ስም ለማስታወስ ሞከርን። ሁለታችንም አቃተን።

«እንግዲያው ይቅር» አልኩ። «አይሆንም በቃ። ደብዳቤውን እመልሳለሁ።»

ባለቤቴ የልብስ መቆንጠጫ አፏ ውስጥ አድርጋ የሆነ ነገር አለች።

«ምን አልሽ?»

መቆንጠጫውን አወጣች። «ቀጠሮ ይዣለሁ አልኩ። ሳምንት አልፎኛል።»

«አንቺ? አንዴ ነው የምመዝነው ያልሽው?»

«በር ላይ ያለውን ደወል አይቶ ሳይነካ የሚያልፍ ሰው አለ? አድጋ ‹ይህን ዕድል ነፈጋችሁኝ› ብትለንስ? አንተ ስታስጠናት እኔ ቀጠሮ ያዝኩ። ሁለታችንም ገለልተኞች ነን።»

ቆመን ሳቅን። ሳንጥለው የቀረ ልብስ የለም። ስምምነት፦ አንድ ጊዜ ትሄዳለች። ጥንቸሏ ወደ ባለቤቷ ትመለሳለች። የመጣው ቢመጣ ፊታችን አይለወጥም። የሁለታችንም ፊት በመስተዋት ተፈተሸ፤ የእኔ አላለፈም።

ማክሰኞ፣ 10 ቀን ሲቀር

ጧት፤ ከመጠበቂያው ክፍል። ወንበሮቹ የልጆች ናቸው፤ ጉልበቴ ጆሮዬ ዘንድ ደርሷል። ፈተናውን የምትሰጠው ባለሙያ ረጋ ያለች ሴት ናት፣ አንገቷ ላይ የንባብ መነጽር አንጠልጥላለች። ቅንጣትን እጇን ይዛ አስገባቻት። በሩ ተዘጋ። አማቴ ሁለት ጊዜ ደወሉ። «ስንት ደረሰች?» አሉ፣ እንደ እግር ኳስ።

ቅንጣት ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጣች። ፊቷ የሥራ ፊት ነበር። ይህን ፊት የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ፣ ግን...

ማታ። አሁን ገባኝ።

አውቶቡስ ውስጥ መስኮት በኩል ተቀምጣ፣ «አባዬ» አለችኝ፣ «ሴትየዋ ይሉኝተኛ ናት።»

«እንዴት?»

«መጀመሪያ ልክ የሆነውን ነገርኳት። ‹ጎበዝ፣ እንቀጥል› አለች። ከዚያ ትንሽ የተለየ ጫንኩባት። ‹ጎበዝ፣ እንቀጥል።› ከዚያ በጣም የተለየ። ሳምንት ስምንት ቀን ነው አልኳት።»

«ምን አለች?»

«‹ጎበዝ፣ እንቀጥል።›»

ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ሴትዮ ጋዜጣቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ድመት ስንት እግር አላት ስትለኝ፣ ‹ምሳ ከበላች ስድስት› አልኳት። ፊቷ ራሱ አልተንቀሳቀሰም። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩ አባዬ፣ እንደ ደንቡ። አልሰማችኝም።»

ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሥራዋን በሐሳቤ መረመርኩት። ከልኩ ጀምራለች። ከትንሽ ወደ ትልቅ ጭናለች። ደግማለች። እኔ ያሠለጠንኳቸው ሦስት ሰዎች ይህን ሁሉ አሟልተው አያውቁም። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

«የፈተናው ሕግ ነው እኮ ልጄ» አለቻት እናቷ እራት ላይ። «ልክም ብትሆኚ ብትሳሳቺም እንዲያ ነው የምትለው። ልጆች እንዳይደነግጡ።»

ቅንጣት ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እኔ የደነገጥኩት እኮ ተሳስቼ ዝም ስትለኝ ነው።»

ሐሙስ፣ 8 ቀን ሲቀር

ባለሙያዋ ደወለች። በወረቀቱ መሠረት የቅንጣት ውጤት ከአማካይ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው።

ፊቴ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ስልክ ላይ ነኝና ማንም አላየውም። የአባቴን «በቃ» ሰማሁት፤ ሠላሳ ዓመት ያልሰማሁትን።

«ግን» አለች ባለሙያዋ፣ «እዚህ ሥራ ላይ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ስህተት በመለሰች ቁጥር ፊቴን ቁጭ ብላ የምታጠና ልጅ አጋጥማኝ አታውቅም። ይህን ወረቀት ብሰርዘው ደስ ይለኛል። ሌላ ዓይነት ፈተና አለኝ፤ ከቀነ ገደቡ በፊት ይደርሳል።» ከዚያ ቀጠለች። «ሌላም ጉዳይ አለኝ። ጠረጴዛዬ ጎን ላይ ‹አገልግሎት እንዳይሰጥ ታግዷል› የሚል ቀይ ነገር ተለጥፏል። በሙቅ ውኃ፣ በቢላዋ፣ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሞከርን። ወላጆች እያዩት ነው።»

«እሱ እንኳ» አልኳት፣ «የለጠፈው ሰው ካልመጣ አይነሳም።»

አማቴ የሆነ ቦታ ሆነው ሰሙት። በስልክ፣ በረዥሙ ተንፍሰው፣ «በቃ ወደ አንተ ወጣች» አሉኝ።

በቃ የሚለው ቃል ዛሬ ብዙ ሥራ አለበት።

ሰኞ፣ 4 ቀን ሲቀር

ሦስታችንም ሄድን። እኔ የስቲከር መፋቂያና የሥራ ቦርሳዬን ይዣለሁ፣ ቅንጣት አረንጓዴ ስቲከር ይዛለች። ባለቤቴ ይቅርታ ለመጠየቅ የተዘጋጀ ፊት ይዛ መጣች።

ባለሙያዋ ፊት ለፊታችን ተቀመጠች። ቅንጣት አልተቀመጠችም፤ ፈታሽ ቆሞ ነው የሚሠራው።

«እትዬ፣ ሳምንት ስምንት ቀን ነው» አለች።

ባለሙያዋ እኔን አየችኝ። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። «አይደለም» አለች። «ተሳስተሻል።»

ቅንጣት ሳቀች። ከሆዷ። ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ድመት ስድስት እግር አላት!»

«በፍጹም! አራት ነው!»

«ምሳ ብትበላስ?»

«ድፍን በሬ ብትበላም አራት ነው!»

ልጅቷ መሬት ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ባለሙያዋም። እንዲያ ሲስቁ በሩን ሌላ ወላጅ ከፍቶ አየና ዘጋው። ያ ሰው ስለ ልዩ ተሰጥኦ ምን እንዳሰበ አልታወቀም።

ከዚያ ቅንጣት ተነሳች፤ ዓይኗን ጠረገችና፣ «ግን ሳምንት ለምን ሰባት ቀን ሆነ?» አለች።

ለምን አለች። ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጬ አየሁ፤ 34 ቀን ሲቀር ከዋልንበት ቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያዋ ናት።

ባለሙያዋ አሰበች፤ የምሯን ነው ያሰበችው። «ታውቂያለሽ? አላውቅም» አለቻት። «ጠይቄም አላውቅ።»

ቅንጣት ቀዩን በሥርዓቱ ፋቀች፣ አቧራውን እፍ አለችው፣ አረንጓዴውን ቀጥ አድርጋ ለጠፈች። «አሁን ትሠራለች» አለችኝ።

ስንወጣ ባለሙያዋ ለሁለተኛው ፈተና የሚሞላ ቅጽ ሰጠችን። ሐሙስ ጧት ቦታ አላት።

ረቡዕ፣ 2 ቀን ሲቀር

ቅጹ ፍሪጁ ላይ ነው። እኔና ባለቤቴ ውኃ በጠጣን ቁጥር እናየዋለን። ብዙ ውኃ ጠጣን።

«ብታልፍስ?» አልኳት።

«ታልፋለች» አለችኝ። «ሰኞ ዕለት አላየሃትም? ልጅቷ ምን እንደሆነች ለማወቅ አሁን ቁጥር ያስፈልግሃል?»

ውኃ ቀዳሁ። ሐቀኛው መልስ ‹እኔን? አዎ፣ ትንሽ ያስፈልገኛል› የሚል ነበር። እሷ ግን የጠየቀችኝ ስለ ቅንጣት ነው።

በእኛ ሥራ በመኪና ተንገጫግጮ የመጣ ሚዛን ወዲያው አይፈተንም፤ አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ያርፋል። ለብረት አንድ ቀን ከሰጠን፣ ለዚህች ሁለት ዓመት ብንሰጣት ምን አለበት? ያናወጥኳት ደግሞ እኔው ነኝ። በሁለት ዓመቱ ራሷ ልፈተን ካለች እናቷ ቀጠሮ ትይዛለች፤ በዚህ ችሎታዋን አስመስክራለች።

ለመምህርቷ ደውለን ሁለተኛው ፈተና እንደቀረ ነገርናት። ተከፋች፣ ከዚያ ታረቀችን። በየሳምንቱ መልሱን እሷም የማታውቀውን አንድ ጥያቄ ለክፍሉ ልታቀርብ ተስማማች። የመጀመሪያው ሳምንት ለምን ሰባት ቀን ሆነ የሚለው ነው።

ዓርብ፣ ቀነ ገደቡ

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አለፈ። በዚያ ሰዓት የወርቅ ቤት ሚዛን እየፈተሽኩ ነበር። ሰዓቴን አየሁ፤ ሌላ ምንም አልሆነም።

አማቴ ደውለው «ስንት አመጣች?» አሉ። «እማማ፣ ጥያቄ አመጣች» አልኳቸው። «ሳምንት ለምን ሰባት ቀን ሆነ?» ሊመልሱ ጀመሩ፣ አቆሙ፣ ደግመው ጀመሩ፣ በመጨረሻ «ቆይ ልደውልልህ» ብለው ዘጉ። እስካሁን አልደወሉም። በእነሱ በኩል የሚያሰጋ ነገር የለም።

ቅዳሜ፣ ቀነ ገደቡ ካለፈ በማግሥቱ

መፈተሻ ክፍል። ጥያቄ፦ ሃያ ሁለት፣ እስከ ምሳ ብቻ። ቅንጣት አንድ ቁጥር ተሳስታ አነበበች፤ «ውይ ተሳሳትኩ!» ብላ መልሳ አነበበች፤ ቀጠለች። ኪሎ ስለ ክብደቱ ሦስት ጥያቄ ቀርቦለት ሁለቱን ለመመለስ ፈቃደኛ አልሆነም።

ብረት እየወለወልን፣ «አባዬ፣ አንተ ተፈትነህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ኪሎ ቀና አለ። ለእሱም ነግሬው አላውቅም፤ ለሥጋ ሻጩም።

«አዎ» አልኳት። «አንድ ጊዜ። ወደቅሁ።»

«በስንት?»

«በሁለት ነጥብ።»

«ከስንት?»

«ከመቶ።»

ወረንጦውን አስቀመጠች። ግድግዳው ላይ ወዳለው የሚፈቀድ ስህተት ሰንጠረዥ ሄደች። ቁመቷ ስለማይደርስ በርጩማ አምጥታ ወጣችበት፤ ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች ወደ ታች ወረደች፣ ወደ ጎን ሄደች፣ አቆመች። እንደገና ከላይ ጀመረች። ደግማ አየች። ሦስተኛም አየች፤ እንደ ደንቡ።

ከበርጩማው ወረደች።

«ይፈቀዳል» አለችኝ። «ቀጣዩን ሚዛን አምጣ።»